ስንቸኩል የምትንቀጠቀጠው መኪና

ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ ደብረ ብርሃን አግብቶ፣ ደብረ ብርሃን የሚቀበር ሰው ብዙ ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ ማለት ይቻላል። ፎቶ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰው ወደ እኔ ይመጣል እንጂ እኔ ወደ ሰው አልሄድም። ስለዚህ በደርግ ጊዜ አንድ ሰሞን ወደ ቆላው ወርጄ ስመለስ፣ ወዳጆቼ ሁሉ አገሩ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ለማንም ደህና መልስ አልሰጠሁም። አሁን ልሞክር። አገሩን ግን ብዙ አላየሁትም፤ አብዛኛውን መንገድ የሄድኩት ጆሮዬን ከመኪናዬ ሆድ ሥር ቀስሬ ነው። ባለቤቴ አስካለ ዓይኗ ስለደከመ አታነብም። ብታነብ ኖሮ ይህን አልጽፈውም ነበር።

የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። ልጃችን ሰለሞን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ ከነገሌ አርሲ አለፍ ብሎ በሚገኝ ማሠልጠኛ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክቱን በቃል አደረሰልን። እሑድ ወላጅ እንዲጠይቀን ተፈቅዷል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይወስዱናል፣ ከቻላችሁ ድረሱልኝ ብሏል አለን። ወደ ሰሜን ተወሰደ ማለት ምን ማለት እንደነበር ለዘመኑ ሰው አላስረዳም። ከሰፈራችን ቀድመው ከሄዱት የአንዱ መርዶ መጥቷል፤ የሌሎቹ ወሬያቸውም የለም። አስካለ መልእክቱን እንደሰማች ተነስታ ለበሶ ገብስ መቁላት ጀመረች።

መኪናችን ዳለቻ ትባላለች። አሮጌ የጣሊያን ሥሪት ናት፤ ፎቶ ቤቱ ደህና ይሠራ በነበረበት ዘመን ከአንድ አስተማሪ የገዛኋት። ስሟን ያወጣው ሰለሞን ነው። ገና ልጅ ሳለ ቀለሟ የጎረቤታችንን ዳለቻ ፈረስ መሰለውና እንዲያ ብሎ ጠራት፤ ስሙም ቀረላት። ከቤታችን ሰው በስተቀር በዚህ ስም የሚጠራት አልነበረም።

ሐሙስ

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ የቤንዚን ኩፖን ከወዳጅ ከዘመድ ለቃቅመን፣ በጠዋት ልንነሳ ስንል ግቢያችን በሰው ሞላ። ልጁ እዚያው ማሠልጠኛ ያለ ወላጅ ሁሉ የሚልከውን ተሸክሞ መጣ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በጣሳ የተሞላ ቅቤ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርድ ልብስ። እኛ አገር ሰው ልጁን ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስበው ብርዱን ነው። መኪናዋ ትንሽ ናት ልል አስቤ ነበር፤ የእናት ዓይን እያዩ ይህን ማለት ግን አይቻልም። የኋላው ሣጥን ሞላ፣ የኋላው ወንበር ሞላ፣ የአስካለም ጭን ሞላ።

ጫጫ ሳንደርስ ነው የጀመራት። ዳገቱን ለመውጣት ነዳጅ ስሰጣት ከሆዷ ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ወንበሩም መሪውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሳነሳ ጸጥ። ስሰጣት ትንቀጠቀጣለች፣ ስተዋት ትተዋለች። ቀስ ብዬ ስሄድ ምንም የላትም፤ በሽታዋ የሚነሳው ስቸኩል ነው። ለአስካለ ይህንኑ ስነግራት፣ እንግዲያው አትቸኩል አለችኝ። እሑድን ታስባለች መሰለኝ፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ ግን እንዳንዘገይ አለች።

አዲስ አበባን አልፈን፣ ደብረ ዘይትን አልፈን፣ ሞጆ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጭነቱ ሁሉ ወርዶ ተፈተሸ። ፈታሹ ጓድ ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ሳቀብን፤ እዚህ አገር ሰው ከሙቀቱ የተነሳ ደጅ ነው የሚተኛው አለ። እውነትም ከሞጆ ወዲያ አየሩ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ንፋስ ሲመጣ ሰው ጋቢውን ይሰበስባል፤ እዚያ ንፋሱ ራሱ ትኩስ ነው፤ ምድጃ ፊት የቆሙ ይመስላል። ስለ መኪናዋ ሳልጠይቀው ፈታሹ ራሱ ምክር ሰጠኝ፤ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ነው አለ። በዚያ መንገድ መኪና አዋቂ ያልሆነ ሰው አላጋጠመኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን ለሁሉም እየተናገርኩ አንድም መድኃኒት አላገኘሁም።

ከመንገዳችን ወጣ ብለን፣ ለማደር ናዝሬት የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። የአስካለ ታናሽ እህት ጽጌ ነርስ ናት፤ ባሏ መስፍን አስተማሪ ነው። ሁለቱም ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው ነው የሚጸልዩት። እንግዳ ተቀባይነታቸው ግን የሚደበቅ አልነበረም። ገና ከመኪና ሳንወርድ ጭነታችንን ሁሉ ወደ ቤት አስገቡት። የእንግዳ ዕቃ ደጅ አያድርም አሉ። ከራት በኋላ መስፍን ሬዲዮኑን ከፍ አደረገና ለሰለሞን ጸለዩ። ሬዲዮው ስለ ምርት ዘመቻ ይጮኻል፤ እነሱ ከሥሩ የልጄን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት አልለመድኩም። ያን ቀን ግን አሜን አልኩ።

ዓርብ

መስፍን ወደሚያውቀው ጋራዥ ወሰደኝ። የናዝሬትን ጋራዥ ላላየ ሰው ምን ልበል፤ እኛ ዘንድ አንድ መካኒክ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሥራ ይጠብቃል፤ እዚያ መኪናው ተራ ይጠብቃል። መካኒኩ ኃይሌ ይባላል። አጠገቤ ተቀምጦ ከተማውን ዞርን፤ ትንሽ ብቻ ተንቀጠቀጠች። ጎማ ነው ብሎ የኋላውን ወደ ፊት፣ የፊቱን ወደ ኋላ ቀየረ። አሁንም ትንሽ ትንሽ ይሰማል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ሲነቀንቅ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ተሰንጥቆ አገኘው። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ከቦታው እየተነሳ ነው የሚመታው አለኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝ። አዲስ መለዋወጫ በዚያ ዘመን ከሰማይ ካልወረደ አይገኝም፤ ኃይሌ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ቆርጦ፣ በመጋዝ ከርክሞ፣ ለቡሎኑ በስቶ ሠራልን። ቀኑ በዚሁ አለቀ።

ሊመሽ ሲል ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ወጥተን ሞከርናት። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት፤ ዳለቻ ያለ አንዳች ድምፅ ሄደች። ኃይሌ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ እቅፍ አደረግሁት። ጭነቱ ጽጌ ቤት መሆኑን፣ መኪናዋ ባዶ መሆኗን እኔም ኃይሌም ልብ አላልንም። በዚያች ምሽት ጽጌ ቤት ሁላችንም ደስ ብሎን አመሸን።

ቅዳሜ

ስንነሳ ጭነቱ ሁሉ ተመልሶ ገባ። ከዚያ መስፍን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሚሠራ ወንድሙ ያጠራቀመውን ስኳር በጆንያ አመጣ፤ ጽጌ ደግሞ ብርቱካን በካርቶን አስከተለች። ባዶ እጃችንን ልትሸኙን ነው ወይ ያልናቸው ይመስል ነበር። አስካለ እህቷን፣ በቃሽ አለቻት። ጽጌም፣ እትዬ ለሰለሞን ነው እንጂ ላንቺ መሰለሽ አለቻት።

ሞጆ ተመልሰን ወደ ደቡብ እንደታጠፍን መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ከሐሙሱም ብሶ መጣ። ኃይሌን በልቤ ረገምኩት፤ ምንም አላጠፋም ነበር። ቆቃን አልፈን ግራ ቀኙ ግራርና አቧራ በሆነ ሜዳ ላይ እንደ ቀብር አጃቢ ቀስ እያልን ሄድን። ትንሽ ስፈጥን ሥሯ ይደበደባል። ዓለም ጤና መግቢያ ላይ ድብደባው መዶሻ ሆነና ፈርቼ አቆምኳት።

ሽንኩርት ውሃ ያጠጡ የነበሩ አንድ ገበሬ እርሻቸውን ትተው መጡ። «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን፤ እኛም እንደ ሰማነው መለስን። ቱፋ ይባላሉ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ዳለቻን እስከ ግቢያቸው ገፉልን። ባለቤታቸው ቂጣና ወተት አቀረቡ፤ ጥሬ ሽንኩርቱን ከቃሪያ ጋር ቆርጠው እንደ ፍራፍሬ ይበሉታል። እኛ ሽንኩርት የምንገዛው እየቆጠርን ነው፤ እዚያ በክምር ደጅ ያድራል። ጥላ ሥር ሆነን መኪናዋ እስክትበርድ ጠበቅን። ደግመን ልንነሳ ስንል ግን አቶ ቱፋ አይሆንም አሉ፤ ሳትደርሱ ይመሻል፣ በሰዓት እላፊ መንገድ ላይ ከተገኛችሁ ልጃችሁን ሳይሆን እስር ቤት ነው የምታዩት አሉ። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ብለውም መከሩኝ። እንቁላሉ እሑድ የሚደርስበት ቦታ የለውም ልላቸው ነበር፤ ሽማግሌ ናቸውና ተውኩት።

ማታ ቁጭ ብለን ስንጫወት የእሳቸውም ልጅ ሄዶ ወሬው እንደጠፋ ነገሩን። ሲያወሩ ፊታቸው አይለወጥም፤ እጃቸው ብቻ መሬቱን ይጭራል። አስካለ አለቀሰች። በእኛ አገር የወባ ትንኝ የለችምና የዚያን ቀን ሁለታችንንም በላችን፤ ያላቸውን አንድ አጎበር ለእኛ ለቀውልን እነሱ ያለ አጎበር ተኙ።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ስንወጣ አቶ ቱፋ አንድ ጆንያ ሽንኩርት በትከሻቸው ይዘው መጡ። የመጨረሻ ድፍረቴን ሰብስቤ፣ አባባ፣ መኪናዋ ታማለች፣ አትችልም አልኳቸው።

«ይቺን የሚያክል ብረት ሽንኩርት ከበዳት?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው፣ «ለልጅህና አብረውት ላሉት ነው። ከነሱ መሀል የእኔን የሚያውቅ ቢኖር ማን ያውቃል» አሉኝ።

ጆንያውን ተቀበልኳቸው። የዳለቻ ጀርባ መሬት ሊነካ ደረሰ።

መቂ የደረስነው በመራመድ ነው ማለት ይቀላል። ከመንገዱ ዳር እሑድም የሚሠራ አንድ ጋራዥ ነበር፤ ባለቤቱ ጀማል የሚባል ወጣት መካኒክ ነው። ችግሩን ስነግረው ብዙ አልተከራከረም። የኋላዋን በክሪክ አንስቶ ድንጋይ አስደገፈና፣ አስካለን የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሽም አስገባ። «እትዬ፣ ነዳጁን ይርገጡ፤ እኔ ሳልልዎት እግርዎን እንዳያነሱ» አላት። አስካለ ነድታ አታውቅም፤ መሪውን እንደ ጀልባ መቅዘፊያ በሁለት እጇ ጨብጣ ረገጠች። ጀማል ከሥር ገብቶ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። እኔም አጠገቡ ተጋደምኩ።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ልንይዘው ስንል በአስፋልቱ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። ከደቡብ ወደ ሞጆ የሚያልፉ የወታደር መኪናዎች ናቸው፤ ላያቸው ላይ ልጆች ይዘፍናሉ፣ ይጮኻሉ። ያን ሰሞን እንዲህ ያለ ጉዞ ብርቅ አልነበረም። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ይህ ሁሉ ጩኸት አሁን ምን አመጣው አልኩ። ጀማል «ጋሼ፣ ይለፉ። አሁን ምንም አይሰማም» ብሎ ከሥር ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመ። እኔ የያዝኩት ቦታ እንዳይጠፋብኝ እዚያው ተጋድሜ ቀረሁ፤ ትልልቅ ጎማዎች ሲያልፉ፣ አቧራው ወደ ፊቴ ሲመጣ አየሁ። አስካለ ተይ የሚላት ስለሌለ ነዳጁን እንደረገጠች ናት፤ የዳለቻ ጩኸት የእነሱን ያህላል። መኪናዎቹ ሲያልቁ ከላይ ሆና፣ «እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ሁሉም የተላጩ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። እኔም አውለበለብኩላቸው» አለችኝ። እሺ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጀማል ከማርሹ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ክሮቼራ ይዞ ነቀነቀው፤ ላልቷል። አዲስ ከየት ይምጣ፤ ከቆርቆሮ ሽብልቅ አድርጎለት፣ ግራሶ ጠቅጥቆ አሰረልን። ስንነሳ ትንሽ ሻል ያላት መሰለኝ፤ ዝዋይ ስንደርስ ደግሞ እንደቀድሞዋ ሆነች። ሐይቁን አየሁት ማለት አልችልም፤ በስተግራ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበር። የሆቴል ሰዎች ዓሣ ብሉ አሉን፤ የቸኮለ ሰው እሾህ አይለቅምም ብለን አለፍን።

ማሠልጠኛው ደጃፍ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ግንቡ ላይ በቀይ ቀለም መፈክር ተጽፏል። በአጥሩ ጥላ ሥር ወላጆች ተቀምጠዋል፤ ስንቃቸው አልተፈታም፣ ማንም አይነጋገርም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ግን ሄጄ ጠየቅሁ። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ትእዛዝ መጣና ሊነጋጋ ሲል ተነስተው ሄዱ አለኝ።

አስካለ ከኋላዬ ነበረች። «በየት በኩል ሄዱ?» አለችው።

«ሌላ መንገድ የለም እናቴ። በመቂ በኩል ነው» አላት።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «እሱ አላየንም ይሆናል» አለች። «ቢያየን ይጣራ ነበር። እሱ አይቶን ዝም አይልም።»

አዎ፣ ዝም አይልም አልኳት።

የተላከ ስንቅ ወደ ቤት አይመለስም፣ ሟርት ነው ብላ ሁሉንም አስወረደችኝ። በሶውን፣ ቅቤውን፣ ስኳሩን፣ የናዝሬቱን ብርቱካን፣ የአቶ ቱፋን ሽንኩርት፣ ታመው ለቀሩ ምልምሎች በዘበኛው በኩል ሰጠን። ብርድ ልብሶቹን አጥሩ ሥር ለሚያድሩ ወላጆች አከፋፈልን፤ ነገሌ ለካ ሲመሽ ይበርዳል። እኛን አንዲት ሆቴል ያላት ሴት አልጋ ሰጥታ አሳደረችን። ምግብ አምጥታ ስንተወው አላስገደደችንም፤ ሳህኑን አንስታ አጠገባችን ተቀመጠች። በዚያ ጉዞ ከተደረገልን ደግነት ሁሉ የማልረሳው የእሷን ነው።

ሰኞ

መልስ ላይ ዳለቻ ድምፅ አላሰማችም። መጀመሪያ አላመንኩም። ቡልቡላን አልፌ ሜዳው ላይ ስደርስ በንዴት ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት፤ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ናዝሬት ላይ ከኃይሌ ጋር የሞከርናት ትዝ አለኝ፤ ያን ቀንም ባዶ ነበረች። ሐሙስ ከጎረቤት፣ ቅዳሜ ከዘመድ፣ እሑድ ከባዕድ የተቀበልነው ስጦታ ነው ጀርባዋን ያጎበጣት። ጭነቱን ጽጌ ቤት ትተን ብንሄድ ቅዳሜ በቀን ነገሌ እንገባ ነበር። ይህን ለአስካለ አልነገርኳትም፤ እሷም መኪናዋ ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቀችኝም።

መቂ ላይ ጀማልን ላመሰግነው ቆምኩ። አስካለ መኪናው ውስጥ ቀረች። ጭነቷ ሲወርድ መንቀጥቀጡ መቅረቱን ስነግረው ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ራሱን ነቀነቀ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራዋ ደክሟል፤ ሲከብዳት ጀርባዋ ይዘቀዝቃል፣ ዘንጉ ጠምሞ ይዞራል፣ ክሮቼራው የላላ ስለሆነ ነዳጅ ሲሰጣት ይመታል አለኝ። ይህን ትናንት ማየት ነበረብኝ ብሎም አዘነ። ምንም አይደለም አልኩት። ልጃችሁን አገኛችሁት ወይ ሲለኝ፣ አላገኘነውም፣ ሄደዋል አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ዳለቻ ማን ነው?» አለኝ።

ለምን ጠየቅኸኝ አልኩት።

«ትናንት ከነዚያ መኪናዎች ላይ አንድ ልጅ ወደዚህ እያየ ዳለቻ፣ ዳለቻ እያለ ይጣራ ነበር። የመኪናውን ጎን እየደበደበ። እስኪርቅ ድረስ አላቆመም። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ ሰፈር የለም።»

በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላውቅም አልኩት። እጁን ጨበጥኩና ወደ መኪናዋ ሄድኩ። አስካለ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ትጠብቀኛለች፤ ትናንት ያውለበለበችበት እጇ መስኮቱ ላይ ነው።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«መኪናዋ ደህና ናት አለኝ» አልኳት።